አበልጅ ለሃይሚ ልጅ

«ደግሞ ሙስሊም ሴት ከመቼ ወዲህ ነው የክርስትና አባት የምትፈልገው?» የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይህን ብሎ ሲስቅ መምህር አለኸኝ የሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሶ ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ ይወጣ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሰዓዲያ ቢጫ የሱዳን ቶቧን እስከ ግንባሯ ጎትታ ቆማለች። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሰዓዲያን የማያውቅ የለም። ከሱዳኗ ገላባት ተሻግራ መጥታ ከመናኸሪያው ጀርባ ለሾፌርና ለረዳት ፉልና ሻሂ ስትሸጥ ዓመታት አሳልፋለች፤ አማርኛውንም ከእነሱው ስለተማረች ስድቡ ከሰላምታው ይቀድምላታል። ዛሬ ግን ዘበኛውን አልሰደበችውም። በትከሻው ላይ አሻግራ አለኸኝን አየችና «ኡስታዝ፣ አንተን ነው» አለችው። አለኸኝ የአንዱ ተማሪ ነገር መስሎት ወደ በሩ ተጠጋ። እሷም ጊዜ አላባከነችም። የሃይሚ ልጅ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና አነሳለሁ ብሎ የነበረው ደላላ ትናንት በሰሊጥ መኪና ተሳፍሮ ጎንደር ገብቷል። ቄሱ ደግሞ ያለ ክርስትና አባት አይሆንም ብለዋል። «ሃይሚ ‹መምህሩን ጥሪልኝ› አለችኝ። ኸላስ፣ ጠራሁህ» ብላ ጨረሰች።

ሃይሚ ማን እንደሆነች አለኸኝ ያውቃል፤ አላውቃትም ማለት ግን ደስ ባለው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፎ የተሠራ ቆርቆሮ ቤት፣ ማታ ማታ ቀይ አምፖል የሚበራበት፣ በመኸር ወቅት ከጎጃምና ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ የጉልበቱን ዋጋ የሚያስረክብበት መሸታ ቤት አለ። ሃይሚ እዚያ ነው የምትቀዳው። ካቻምና አንድ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ወባ ወሰዳትና፣ ክርስትና አልተነሳችም ተብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከሸለቆው ማዶ ተቀበረች። ያን ጊዜ አለኸኝ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነበረ፤ አሁንም ነው። በዚያ ነገር አንድም ቃል አልተናገረም፤ ያልተናገረውም ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚናገር ሰው ይኖራል ብሎ ነው። አሁን ወንድ ልጅ ወልዳለች። አባቱ አጨዳ የመጣ የወሎ ልጅ ነበረ፤ እርጉዝ መሆኗን እንኳ ሳይሰማ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ተሻግሮ ቀረ። እናቲቱም ይኼኛው ልጅ አርባ ቀኑ ሳያልፍ እንዲጠመቅላት ትለምናለች፤ ቆላ ነውና ነገ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ለምን እኔን?» አለ አለኸኝ፤ ድምፁ ከሚያውቀው ድምፅ ቀጥኖበት።

«አንተ ነሃ ያልከው። በማይክ። እኔ ራሴ ፉል እያማሰልኩ ሰምቼሃለሁ፣ ወላሂ» አለችው።

እውነቷን ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያስተማረው እሱ ነበር። ድምፅ ማጉያው ከግንቡ ላይ ስለተሰቀለ ከምዕመኑ ይልቅ መሸታ ቤቱ ነው አጥርቶ የሚሰማው። ያን ዕለት ርእሱ ሙሴ ነበር። እግዚአብሔር ሲጠራው መጀመሪያ እኔ ማን ነኝ አለ፤ ቀጥሎ አፌ ኮልታፋ ነው አለ፤ መጨረሻ ላይ ምክንያቱ ሁሉ ሲያልቅበት እባክህ ሌላ ሰው ላክ አለ። አለኸኝ ይህን ሲያስተምር እጁን ዘርግቶ «ስንቶቻችን ነን ሌላ ሰው ላክ የምንል? ክርስቲያን ሲጠራ አቤት ነው የሚል!» ብሎ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ እናቶች እልል አሉለት፤ ቄስ ጀምበሩ እንኳ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። ያ ሁሉ ጭብጨባ ዛሬ ቢጫ ቶብ ለብሶ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመበት።

አቤት ማለት ነበረበት፤ አላለም። «ትምህርት አለብኝ፤ ግን ቆይ… ሰው ልፈልግላችሁ» አላት። ሰዓዲያ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ቅዳሴው ቀትር ሲሆን ይገባል፤ ሃይሚ ደጀ ሰላሙ ጋ ናት» ብላ ቶቧን አስተካክላ ሄደች።

ፍርሃቱን ልንገራችሁ፤ ሞኝነት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ እሱ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ትፈራላችሁ። ክርስትና ማንሳት ለአንድ ቀን ሕፃን አቅፎ መቆም ብቻ አይደለም። ልጁ የመንፈስ ልጅህ ይሆናል፤ እናቲቱ አበልጅህ ትሆናለች። አበልጅ ደግሞ ዘመድ ናት፤ በፋሲካና በገና ቤትህ ትገባለች፣ ከሚስትህ ጎን ትቀመጣለች፣ ብትታመም ትጠይቃታለህ፣ ብትሞት ልጁን ታሳድጋለህ። የመሸታ ቤት ሴት አበልጅ ማድረግ የሚችል ወንድ መተማ ውስጥ ከሁለት ዓይነት አይወጣም፤ ወይ ምንም ስም የሌለው ነው፣ ወይ ልጁ የራሱ ነው ተብሎ የሚታማ ነው። አለኸኝ ስም ነበረው። ስሙን በሃያ ዓመት ውስጥ ጡብ በጡብ ነው የሠራው፤ ሲራመድ እንኳ መሸታ ቤት ባለበት መንገድ አይሄድም፣ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሚስቱ ምስራቅ ማዘጋጃ ቤት ትሠራለች። አማቱ እማማ አገኘሽ ደግሞ ከደጋ፣ ከዳባት ወርደው ከእነሱው ጋር ነው የሚኖሩት፤ የሴቶቹ ማኅበር እሳቸውን ሳይጠይቅ ድግስ እንኳ አይቆርጥም። እሱ ራሱም ለሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበርነት ታስቧል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ነው «እኔ ባነሳው ሰው ይሰናከላል» ብሎ ለራሱ የነገረው። ሰው መፍራቱን ለሰው ማሰብ ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ደስ ብሎት ተቀመጠለት።

ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቆ ሲወጣ የሚያደርገውን ሁሉ ለበጎ እንደሚያደርገው እርግጠኛ ነበር። መጀመሪያ ወደ ወንድማገኝ መጋዘን ሄደ። ወንድማገኝ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ አብሮ አደጉ፣ ሚስት ያላገባ፣ እጁ የማይጠብቅ ሰው። ወቅቱ የኅዳር መጨረሻ ስለሆነ መጋዘኑ እስከ ጣራው ሞልቷል። ከአብርሃ ጅራና ከገለጉ በኩል የመጡ መኪኖች አቧራቸውን እንደለበሱ ደጁ ላይ ተሰልፈዋል፤ ጭነት አውራጆቹ ኩንታሉን በጀርባቸው ተሸክመው በሳንቃው ላይ ይወጣሉ። ወሬው ሁሉ የዋጋ ነው። ሰሊጥ ዛሬ ወጣ፣ ትናንት ወርዶ ነበር፣ ጎንደር ያለው ገዢ ስልክ አያነሳም። ወንድማገኝ ያን ጊዜ ብርቅ የነበረውን ሞባይሉን አንዴ በአንዱ ጆሮ አንዴ በሌላው እያደረገ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢውን ይዞራል። አለኸኝ በመኪኖቹ መሃል ወደ ጥግ ሳበውና ጉዳዩን ነገረው። ሲነግረው ደግሞ ጭነት አውራጆቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግራና ቀኝም አየ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ቢጠየቅ አያውቅም፤ ለመልካም ሥራ ሰው መለመን የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም።

«አንተስ ለምን አታነሳውም?» አለ ወንድማገኝ።

«እኔማ አልችልም። በሞቴ ወንድማገኝ፣ እኔ በፍጹም አልችልም፤ ሰውም ይሰናከላል።»

ወንድማገኝ ስልኩን ኪሱ ከተተና አፍጥጦ ተመለከተው። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ያዘነ የሚመስል ፈገግታ መጣ። «አይ አለኸኝ… ለኔ እንኳ ብትነግረኝ ምናለበት?» አለው ትከሻውን ይዞ። «ሰው ነህ፤ ማንም ይወድቃል። እኔ አልፈርድብህም።» አለኸኝ ይህ ንግግር ከየት እንደመጣ አልገባውም። ሃይሚን ስለሚጠላት ፈርዶባታል የተባለ መስሎት «ማን ይፈርዳል ብለህ ነው» ብሎ መለሰ። ወንድማገኝም ይህን እንደ ኑዛዜ ቆጠረው። ዛሬ መኪና የሚጭንበት ቀን ስለሆነ እንደማይችል ነገረው፤ ሲሸኘው ግን እንደ ሐዘንተኛ በሁለት እጁ ጨበጠው።

ከዚያ ወደ ኬላው ሄደ። አዛናው የሚባል የፖሊስ ባልደረባ ነበረ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አብረው የዘመሩ፣ ድንበሩን በእግር የሚሻገረውን ሰው ሲያጣራ የሚውል። አዛናው ከጥላው ሥር ወንበሩ ላይ እንዳለ አዳመጠውና «አባትየው ራሱስ?» ብሎ ጠየቀ። አለኸኝ «አባትየውማ መቅረብ አይችልም» አለ። እሱ ሱዳን ያለውን ማለቱ ነው። አዛናው ግን ከሱ ፊት የቆመውን አባት ነው ያየው። የሥጋ አባት ለገዛ ልጁ ክርስትና እንደማያነሳ ማንም ያውቃል፤ መምህሩ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሌላ ሰው ነው የሚለምነው፣ ላቡ እየተንጠባጠበ። አዛናው ጉሮሮውን ጠርጎ ተረኛ ነኝ አለ። አለኸኝ ከጉምሩክ ግቢ ወደ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከጸጉር አስተካካዩ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ወደ ባጃጅ ተራው እየተመላለሰ ለመነ። አንዱ አበልጅ በዝቶብኛል አለ፤ አንዱ ሚስቴን ልጠይቅ ብሎ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። ሁሉም ሲሰናበቱት የሚያሳዩት ያ ለስላሳ ፈገግታ ገርሞት ነበር፤ ሰው ዛሬ ምን ያህል ደግ ሆኗል እያለ ነው የሄደው። የዚያን ቀን ከደከመው ድካም ሩቡ ሕፃኑን ለማቀፍ ይበቃው ነበር። ሸክሙን ለሌላ ሊያሸክም ሲዞር ከሸክሙ የከበደ ነገር በገዛ አፉ ከተማው ውስጥ እየዘራ መሆኑን ግን አላወቀም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገባ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ ሶፋው፣ በዳንቴል የተሸፈነው ቴሌቪዥንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው የማርያም ሥዕል አሉ፤ ጓዳው በመጋረጃ ተከፍሎ ግማሹ የአማቱ ነው። የነቢያት ጾም ስለሆነ እስከ ቅዳሴ መውጫ እሳት አልተነካም፤ ቤቱ ምንም ነገር አይሸትም። እማማ አገኘሽ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሌላ ቀን ቢሆን «እንደምን ዋላችሁ» ሲላቸው ገና ሳይጨርስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉት ነበር። ዛሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሳቸውና እሱ ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ ተከባብረው ነው የኖሩ፤ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም፤ ደግ ቃልም ብዙ አልተነጋገሩም። ስለዚህ የእሳቸው ዝምታ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። አመመዎት ወይ ሊል አፉን ሲከፍት ምስራቅ ከማዘጋጃ ቤት ገባች። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ አላስቀመጠችውም፤ ጣለችው።

«ልጁ ያንተ ነው?»

«የቱ ልጅ?»

«የሃይሚ ልጅ። ያንተ ነው ወይ አልኩህ።»

አለኸኝ መጀመሪያ ሳቀ። መሳቁ ትልቅ ስሕተት ነበር፤ ከመደቡ በኩል እማማ አገኘሽ «እግዚኦ!» ሲሉ ተሰማ። ያን ጊዜ የወንድማገኝ እጅ፣ የአዛናው ጉሮሮ፣ የባጃጅ ተራው ፈገግታ ሁሉ አንድ ላይ ተመለሰበት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አይደለም! በማርያም አይደለም ምስራቅ! እግሬ ከዚያ ቤት ረግጦ አያውቅም!»

«አትማል። ካልሆነ ታዲያ ምን ያስሮጥሃል? ከመጋዘን እስከ ኬላ ሰው ስትለምን ነው የዋልክ አሉ። ያላጠፋ ሰው እንዲህ ይሮጣል?»

ማይክ ፊት ሲቆም እንደ ውሃ የሚወርድለት የተዋበ ቃል አልመጣለትም። ስለዚህ እውነቱን እንዳለ ነገራት። የተጠራው እሱ መሆኑን፣ ሃይሚ በስሙ ማስጠራቷን፣ አቤት ማለት ሲገባው ሰው ልፈልግ ማለቱን፤ አበልጅነቱን እንደፈራው፣ ሊቀ መንበርነቱን እንዳሰበ፣ ካቻምና ያችኛዋ ሕፃን ከአጥር ውጭ ስትቀበር ዝም ማለቱን ሁሉ ነገራት። ሲናገር አፈረ፤ ጆሮው እስኪግል አፈረ። ግን የጀመረውን አላቋረጠም። ምስራቅ ቆማ ሰማችው።

«ቆይ» አለች ምስራቅ በመጨረሻ፣ «ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነበር የፈራኸው?»

«ልጁ የሱ ነው ይሉኛል ብዬ።»

ምስራቅ አየችው። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች ብሎ ሲያስብ ሳቋ ፈነዳ። ሶፋው ላይ ወደቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እሱንማ ብለዋል እኮ!» አለች ሆዷን ይዛ። «ብለው ጨርሰዋል አለኸኝ! ማዘጋጃ ቤት ያልሰማ የለም፤ ተላላኪዋ ሳትቀር አይዞሽ ብላ ሻይ አምጥታልኛለች! የፈራኸው ነገር ሁሉ ደርሶብሃል። እንግዲህ አሁን ምን ቀረህ የምትፈራው?»

በእውነት አለኸኝ የሚፈራው የቀረ የለም። ሃያ ዓመት የጠበቀው ስም በአንድ ጥዋት ሄዷል፤ የሄደውም ስለታዘዘ ሳይሆን ላለመታዘዝ ሲሮጥ ነው። ሕፃኑን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የከፋ ምን ይሉት ነበር? በዚያ ሁሉ ውርደት መሃል ከደረቱ ላይ አንድ ነገር ሲነሳለት ተሰማው፤ ተሸክሞት እንደነበር እንኳ ሳያውቅ የኖረ ነገር። ደስታ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ግን ደስታ ነበር። ብድግ አለ።

«ቅዳሴው ገብቷል፤ ልሂድ» አለ።

«ቆየኝ፣ ነጠላዬን ላምጣ።»

«አንቺ ደግሞ የት?»

«ብቻህን ስትሄድ የሃይሚ ሰው ነህ፤ ከኔ ጋር ስትሄድ ባሌ ነህ» አለችና ጓዳ ገባች።

ያን ጊዜ ነው እማማ አገኘሽ ከመደባቸው የተነሱት። ለአለኸኝ አልተናገሩም፤ እንደ ልማዳቸው በልጃቸው በኩል ነው የተናገሩት። «ምስራቅ፣ ንገሪው። እኔ በስተርጅና ከመሸታ ቤት ሴት ጋር አበልጅ አልሆንም። እሷ በዚህ በር የገባች ዕለት እኔ ልብሴን ጠቅልዬ ዳባት እገባለሁ።» ምስራቅ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣችና እናቷን ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። «እንመለሳለን እማዬ» ብቻ አለቻቸው።

በገበያው መሃል ነው የሄዱት። አለኸኝ እንደ ልማዱ በጀርባው መንገድ ሊዞር ሲል ምስራቅ ክንዱን ይዛ አቀናችው። ሽንኩርት ሻጮቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ባጃጆቹ ቀስ አሉ። ወንድማገኝ መጋዘኑ ደጅ ላይ ሞባይሉን እንደያዘ ባልና ሚስቱ ተያይዘው ሲመጡ አይቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ወንድማገኝ!» አለች ምስራቅ መንገዱን በሞላ ድምፅ፣ «ክርስትና ልናነሳ ነው፤ መኪናህን ጭነህ ስትጨርስ ና!» አለኸኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠው የማይጠላበት ቅጽበት ነበር፤ ግን መሬትም አልተከፈተችም እሱም አልቆመም። መሸታ ቤቱ ደጅ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አቅንቶ አየው። ቆርቆሮው የዛገ፣ ደጁ የተጠረገ፣ የሕፃን ጨርቅ በገመድ ላይ የተሰጣበት ተራ ቤት ነው።

ክርስትና ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሌሎቹ ሕፃናት ተራቸውን ይዘዋል። ሃይሚ ከሁሉም ኋላ፣ ከግንቡ ጥግ፣ በተበደረችው ነጠላ ሕፃኗን ሸፍና ቆማለች። የሃያ ሦስት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ በቀን ብርሃን ስትታይ አለኸኝ ከሚያስተምራቸው የትልልቆቹ ታላቅ እህት ትመስላለች። ሰዓዲያ ከአጥሩ በር ውጭ ናት፤ ወደ ግቢው አልገባችም፣ ከበሩም አልራቀችም። ቄስ ጀምበሩ የጸሎት መጽሐፋቸውን እንደያዙ ወጡና የሕፃናቱን የክርስትና አባቶችና እናቶች ይጠይቁ ጀመር። ሃይሚ ጋ ሲደርሱ «የዚህስ?» አሉ። እሷ አንገቷን ደፋች። አስቀድማ ሰው ይመጣል ስትል ቆይታ፣ አሁን አይመጣም ብላ ለመውጣት ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ነበር።

«እኔ ነኝ አባቴ» አለ አለኸኝ።

ግቢው እንደ ንብ አጉረመረመ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ፣ ለጎረቤቷ ብቻ የነገረች መስሏት፣ «ውይ ድፍረት! አባትየው ራሱ!» አለች። ቄስ ጀምበሩ ሰሙ። መጽሐፉን አጥፈው በሌባ ጣታቸው ገጹን ይዘው አለኸኝን አዩት። ጥሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በሥርዓት ግን አይቀልዱም።

«አለኸኝ» አሉት፣ «የሥጋ አባት የመንፈስ አባት እንደማይሆን ታውቃለህ፤ አንተ ራስህ አስተምረኸዋል። የቆምክበት ቦታ ምን እንደሆነም ታውቃለህ። በእግዚአብሔር ፊት ነው የምጠይቅህ፤ ይህ ልጅ ያንተ ነው?»

አለኸኝ ወደ ሃይሚ ዞረ። ፈርታ ነበር፤ አሁንም ሊነጥቋት እንደሆነ ሁሉ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃዋለች። እጁን ዘረጋላት። ጥቂት አመነታችና ሰጠችው። ሕፃኑ ቀላል ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር መሸሹ ለራሱም ገረመው።

«እስከ ዛሬ የኔ አይደለም አባቴ» አለ፣ ያለ ማይክ፣ ግን ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን የኔ ነው። ጠርተውኝ እምቢ ብዬ ነው የዋልኩት፤ አሁን አቤት ብያለሁ።»

ከአጥሩ ውጭ እልልታ ተነሳ። የሰዓዲያ ነበር፤ በሱዳኖቹ ሰርግ የሚሰማው ረጅም እልልታ፣ መቆሚያ የሌለው። ምስራቅ ተቀበለቻት። ከዚያ አንዲት አሮጊት ተከተሉ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ ሲያጉረመርሙ የነበሩት እንኳ ከእልልታ መቅረት ስለማይሆንላቸው ገቡበት። ቄስ ጀምበሩ «በሉ እሺ፣ እሺ፣ ሥርዓት አለ!» እያሉ ሊያስታግሱ ሲሞክሩ ፂማቸው ውስጥ ፈገግታቸው ይታይ ነበር። ሥርዓቱም ቀጠለ። የክርስትና አባት ሕፃኑን አቅፎ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል፤ ሰይጣንን የሚክደው በዚያ በኩል ነው። አለኸኝ ሲዞር ፀሐይ ወደ ገላባት ማዘንበል ጀምራለችና ዓይኑን ወጋችው። ቃሉን ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ዛሬ ግን ምኑን እንደሚክድ በየስሙ ያውቀዋል። ጥዋት ሲያስሮጠው የዋለውን ያን የሰው ምን ይለኛል ካደ፤ ካቻምና ያፈነውን ዝምታ ካደ፤ ጮክ ብሎ ካደ፣ ዲያቆኑ ዞር ብሎ እስኪያየው። ወደ ምሥራቅ ዞሮ አምናለሁ አለ። ሕፃኑ ውሃው ውስጥ ሲገባ ግቢውን በጩኸት ሞላው፤ ወልደ ገብርኤል ተባለ፤ ማተቡ ታሰረለት። ሃይሚም አርባ ቀኗ ሞልቷልና ተጸልዮላት ገባች። ስታለቅስ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ከቅዳሴ ሲወጡ ሃይሚ ሕፃኑን ተቀብላ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ በኩል ልትታጠፍ ስትል ምስራቅ «ወዴት? የክርስትና ድግስ በአባት ቤት ነው» አለቻት። ድግስ የተባለው ምን እንደሆነ ምስራቅም አታውቅም፤ ምንም አልተሠራም። ሰዓዲያ ግን ከበሩ ውጭ አንድ ትልቅ ድስት ፉል በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበር። «በዘይት ነው፤ ጾማችሁን አውቃለሁ» አለች። ወንድማገኝ በባጃጅ ዳቦና ለስላሳ ጭኖ ደረሰ፤ ከመኪናው ጭነት ማን እንደፈታው አልተናገረም፣ የአለኸኝንም ዓይን አላየም። ብቻ ባጃጁን ወደ ሃይሚ አስጠግቶ «አራስ በእግሯ አትሄድም» አለ። እንዲህ ሆነው፣ እየዘመሩ፣ ከኋላቸው ያልጠሩት ሰው ሁሉ እየተከተላቸው ቤቱ ደረሱ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዝማሬው ቆመ። እማማ አገኘሽ ልብሳቸውን በአቡጀዲ ጠቅልለው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ከደጃፉ ላይ ቆመዋል። ምስራቅ «እማዬ…» ብላ ቀረች። አለኸኝ ሊናገር ፈለገ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ለእኚህ ሴት ልቡን ነግሯቸው ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ሃይሚ ጥቅሉን አየችና ነገሩ ገባት። ከባጃጁ ወርዳ ሕፃኑን ይዛ ቀረበች፤ ከደጃፉ ግን ወዲህ ቆመች።

«እማማ፣ የትም አይሂዱ» አለቻቸው። «እኔ አልገባም። እሱን ብቻ ይመርቁልኝና እመለሳለሁ፤ ቤቱ የሱ የአባቱ ነው፣ የኔ አይደለም።»

እማማ አገኘሽ የሕፃኑን ፊት አዩ፤ ውሃው ገና ከጸጉሩ አልደረቀም። እናቲቱን አዩ። አርባ ቀን የሞላት አራስ፣ ከንፈሯ በጾም ደርቆ፣ ከሰው ደጅ ቆማ ልመለስ የምትል። ከኋላዋ ያ ሁሉ ሰው። አሮጊቷ ዘንጋቸውን ከግድግዳው አስደገፉት። ጥቅላቸውን መሬት ላይ ለቀቁት። እጃቸውን ዘርግተው ሕፃኑን ወሰዱ፣ ግንባሩን እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። ከዚያ አማቻቸውን አዩት፤ ፊት ለፊት፣ በልጃቸው በኩል ሳይሆን፤ ተቆጡትም።

«አንተ ሰው፣ ነውር አታውቅም? አራስ ደጅ ታቆማለህ?» አሉት። ወደ ሃይሚም ዞሩና ከደጃፉ ገለል ብለው በሩን ለቀቁላት።

«ግቢ እንጂ፣ አበልጅ!»